ለጦሩ ውል፣ ለድሃው ተስፋ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የጦር ወጪና ድህነት አብረው በተነሡ ቁጥር በጋዜጦች ላይ የሚደጋገም ንጽጽር አለ፤ «የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ዋጋ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ይሠራል» የሚል። ንጽጽሩ ሐሰት አይደለም። ግን አንባቢውን አስቆጭቶ እዚያው ይተወዋል። አውሮፕላኑ ባይገዛ ገንዘቡ በየት በኩል አልፎ ትምህርት ቤት እንደሚሆን አይናገርም። የመንግሥት በጀትን አሠራር የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። የጦር ገንዘብ በብዙ ዓመት ውል ታስሮ ይቀመጣል፤ ድህነትን ለመዋጋት የሚመደበው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለመናል። ስለዚህ ችግር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የድሃው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጠኑን አስቀድመን እንይ። የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋም እንዳሰላው የዓለም መንግሥታት በ2024 ለጦር ያወጡት 2.718 ትሪሊዮን ዶላር ነው፤ በዓለም ነዋሪ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ሰው 334 ዶላር ይደርሳል። የዋጋ ንረት ተቀንሶ ከቀዳሚው ዓመት በ9.4 በመቶ አድጓል፤ ቢያንስ ከ1988 ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት ጭማሪ አልታየም። በዚያው ዓመት ለጋሽ አገሮች በይፋዊ የልማት እርዳታ ስም ያወጡት 212.1 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ይህ ደግሞ በ7.1 በመቶ ቀንሷል። የመጀመሪያው ቁጥር የሁሉንም መንግሥታት፣ ሁለተኛው የባለጸጋ ለጋሾችን ብቻ ወጪ የያዘ መሆኑ አይዘንጋ። ይህ እንዳለ ሆኖ ለእርዳታ ከወጣው አንድ ዶላር አንጻር ወደ 13 የሚጠጋ ዶላር ለጦር ወጥቷል።

«ድህነትን ማጥፋት ከዓለም አቅም በላይ ነው» የሚል ካለ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ይሥራው። ዓለም ባንክ በጁን 2025 የከፋ ድህነትን መለኪያ በቀን ወደ 3 ዶላር ሲያነሣ ከዚያ በታች የሚኖረው ሰው 808 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ገምቷል። እነዚህ ሰዎች በሙሉ ሰባራ ሳንቲም ገቢ የላቸውም ብለን እንነሣ፤ ሆን ተብሎ የተጋነነ ግምት ነው። 808 ሚሊዮን በ3፣ ከዚያም በ365 ሲባዛ በዓመት 885 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። የጦሩ ወጪ ሲሶ ማለት ነው። በተግባር ሁሉም ጥቂት ገቢ አለው፤ ባንኩ የሚለካበት ዶላርም የመግዛት አቅምን ለማስተካከል የተሰላ ስለሆነ በገበያ ምንዛሪ ሲለወጥ ያንሳል። እውነተኛው ጉድለት እንግዲህ ከዚህ እጅግ ዝቅ ይላል። ድሃውን ለይቶ ማግኘት፣ ገንዘቡን ማድረስ፣ መንገድ ላይ እንዳይንጠባጠብ መቆጣጠር የየራሳቸው ወጪ አላቸው፤ ድህነትም ገንዘብ በማደል ብቻ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ጣሪያው ግን ይኸው ነው፤ ከጦሩ በጀት ሲሶ አያልፍም።

ወደ ተገባው ቃል ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኦክቶበር 24 ቀን 1970 ባጸደቀው ውሳኔ ባለጸጋ አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲያውሉ ግብ አስቀምጧል። በ2024 የለጋሾቹ ድምር 0.33 በመቶ ላይ ነበር። ከ0.7 በላይ የደረሱት ኖርዌይ፣ ሉክሰምበርግ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ብቻ ናቸው። ሁሉም ቢያሟሉ እርዳታው ወደ 450 ቢሊዮን ዶላር ያድግ ነበር፤ የጎደለው 238 ቢሊዮን ያህል ነው። የዓለም የጦር ወጪ ከ2023 ወደ 2024 ሲሻገር በአንዲት ዓመት የጨመረው፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ እንኳ፣ ከዚህ ጉድለት ጋር ይቀራረባል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንላለን፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የከረመው ዕዳ በአንድ ዓመት የጦር ጭማሪ ይከፈል ነበር።

እዚህ ላይ ግን «ጦሩ ከቀነሰ ድሃው ይጠቀማል» ብሎ መደምደም ያሳስታል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ፣ በ1990ዎቹ፣ የዓለም የጦር ወጪ በእጅጉ ወርዶ ነበር። «የሰላም ትርፍ» ተብሎ የተጠራው ገንዘብ ለድሃ አገሮች ይተርፋል ተብሎ ተጠበቀ። የሆነው ሌላ ነው። በ1992 ከለጋሾቹ ብሔራዊ ገቢ 0.33 በመቶ የነበረው እርዳታ በ1997 ወደ 0.22 ወረደ። መንግሥታቱ የበጀት ጉድለታቸውን በመሙላት ተጠመዱ፤ እርዳታውን ሲያንቀሳቅስ የኖረው የሁለቱ ጎራዎች ፉክክርም ጠፋ። ጦሩም ቀነሰ፣ እርዳታውም ቀነሰ።

ጦሩ ሲጨምርስ? በፌብሯሪ 2025 የብሪታንያ መንግሥት የመከላከያ ወጪውን ወደ አገር ውስጥ ምርቱ 2.5 በመቶ ለማሳደግ ሲል የልማት እርዳታውን በ2027 ከብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደሚያወርድ አስታወቀ። ሁለቱም የተነገሩት በአንድ መግለጫ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የኔቶ አባላት ሄግ ተሰብስበው እስከ 2035 ድረስ ወጪያቸውን ወደ አገር ውስጥ ምርታቸው 5 በመቶ ለማድረስ ተስማሙ፤ 3.5 በመቶው ለጦር ኃይሉ፣ 1.5 በመቶው ከመከላከያ ጋር ለተያያዙ ሥራዎች። ጦሩ ሲቀንስ ወደ ድሃው የሚከፈት በር የለም፤ ጦሩ ሲጨምር ግን ከድሃው የበጀት መደብ የሚወስደው በር ወለል ብሎ ይከፈታል።

ምክንያቱ የበጀት ሰነዶቹ በሚዘጋጁበት መንገድ ላይ ነው። መንግሥት መሣሪያ ሲገዛ ውል ይፈርማል። በአሜሪካ ሕግ ጦሩ እስከ አምስት ዓመት የሚዘልቅ የግዢ ውል መግባት ይችላል፤ ውሉ በመሐል ከፈረሰ መንግሥት ለአምራቹ ካሳ ይከፍላል። በሦስተኛው ዓመት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ባለሥልጣን ግዢውን ልሰርዝ ቢል፣ እስካሁን የወጣውና ካሳው ተደምሮ መሰረዙ ከመቀጠሉ የማይሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ርክክቡ ካለቀ በኋላም ዕዳው ገና መጀመሩ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ኤፍ-35 የተባሉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ለማብረርና ለመጠገን የሚያስፈልገው ገንዘብ 1.58 ትሪሊዮን ዶላር እንደደረሰ ገልጿል። በ2018 የነበረው ግምት 1.1 ትሪሊዮን ነበር። አውሮፕላኖቹ እስከ 2088 እንዲበሩ ታቅዷል፤ ገና ያልተወለደ ግብር ከፋይ የሚከፍለው ወጪ ዛሬ ተፈርሟል ማለት ነው። በማርች 2023 ለግዳጅ ብቁ ሆነው የተገኙት ደግሞ 55 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ የጥገና ጣቢያዎች ግንባታ መዘግየትና የመለዋወጫ እጥረት ከዋና ምክንያቶቹ ናቸው። በዜና የሚነገረው የመግዣው ዋጋ ነው። በጀቱን ለአሥርተ ዓመታት አንቆ የሚይዘው ግን ነዳጁ፣ ሞተሩ፣ መለዋወጫው፣ የቴክኒሻኑ ሥልጠና ነው።

የሰውም ዕዳ አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አበቃ። ከዚያ ጦርነት የተረፈው የመጨረሻው ጡረታ፣ በወር 73.13 ዶላር፣ ለአንድ የቀድሞ ወታደር ልጅ ሲከፈል ኖሮ የቆመው ተቀባይዋ በ2020 ሲያርፉ ነው። 155 ዓመት መሆኑ ነው። ከ2001 በኋላ አሜሪካ ያካሄደቻቸውን ጦርነቶች ወጪ የብራውን ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2021 ወደ 8 ትሪሊዮን ዶላር ገምተውታል፤ ከዚህ ውስጥ ከ2 ትሪሊዮን የሚበልጠው እስከ 2050 ለቀድሞ ወታደሮች ሕክምናና ድጎማ ገና የሚከፈል ነው። ጦርነቶቹ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሸፈኑ የነበሩት ከመደበኛው በጀት ውጪ በሚጸድቅ የአስቸኳይ ጊዜ ተጨማሪ በጀትና በብድር ነው። ለቆሰለ ወታደር የሚከፈለውን ማንም አይነካውም፤ መነካትም የለበትም። ጦርነቱ ሲጸድቅ በሰነዱ ላይ አለመጻፉ ነው ጥፋቱ።

አሁን ወደ ሌላው መደብ እንሻገር። ለክትባት፣ ለአጎበር፣ ለአልሚ ምግብ የሚሰጥ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጉባኤ ላይ በሚነገር ቃል ነው። ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን የሚዋጋው ዓለም አቀፍ ፈንድም ሆነ የዓለም ባንክ ለድሃ አገሮች የሚያበድርበት ክፍል በየሦስት ዓመቱ ለጋሾችን ሰብስበው ይጠይቃሉ። የተነገረው ቃል በየአገሩ ምክር ቤት እየጸደቀ ነው ገንዘብ የሚሆነው። ቃሉ ባይከበር ካሳ የለም፣ የሚከስ አምራችም የለም፤ የሚጎዳው ሰው ደግሞ በለጋሹ አገር ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ብሪታንያ በ2015 0.7 በመቶውን በሕግ ደንግጋ ነበር። ሕጉ ተገልጦ ሲነበብ ግን ግቡ ሳይሟላ ቢቀር ሚኒስትሩ ምክንያቱን ለፓርላማ በጽሑፍ ከማቅረብ ያለፈ ግዴታ የለበትም፤ ፍርድ ቤት ሊያስገድደው አይችልም። በ2021 እርዳታው ወደ 0.5 የወረደው ይኸው ሕግ በሥራ ላይ እያለ ነው። የመሣሪያ ውል እንዲህ ተጽፎ ቢመጣ የትኛውም ፋብሪካ አይፈርመውም።

የእርዳታው ቁጥር ራሱም መፈተሽ ይኖርበታል። በ2024 ከተመዘገበው ውስጥ 27.8 ቢሊዮን ዶላር፣ 13 በመቶ ገደማ፣ ለጋሾቹ በገዛ አገራቸው ስደተኞችን ለማስተናገድ ያወጡት ነው። ደንቡ የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ወጪ እንዲቆጥሩ ይፈቅዳል። ስደተኛን ማስጠለል ተገቢ ነው፤ በድሃ አገር ስም መመዝገቡ ግን ልክ አይደለም። ጦርነት ስደተኛ ባበዛ ቁጥር እርዳታው በወረቀት ያድጋል፤ ድንበር የሚሻገረው ግን ያንሳል።

በጀቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚበላሽ ለማወቅ የሥራውን ዝርዝር ማየት ይጠይቃል። አጎበርን እንውሰድ። የእደላ ዘመቻ ሲታቀድ ለ1.8 ሰው አንድ አጎበር ይታሰባል፤ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 555,556 አጎበር ይሆናል። የአንዱ መግዣ ከ2 እስከ 3 ዶላር ገደማ ነው፤ ማጓጓዣ፣ የቤተሰብ ምዝገባና እደላ ሲጨመርበት ወደ 5 ዶላር ይጠጋል። አንድ ሚሊዮን ሰው ለሦስት ዓመት በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሸፈናል ማለት ነው። ሦስት ዓመት የተባለው ኬሚካሉ ከእጥበት ብዛት እየሳሳ፣ ጨርቁም እየተቀደደ ስለሚሄድ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ ትንኟ ፓይሬትሮይድ የተባለውን የቆየ ኬሚካል ስለተላመደችው የዓለም ጤና ድርጅት ከ2023 ጀምሮ ክሎርፌናፒር የተጨመረበትን አጎበር ይመክራል፤ ይህ ዋጋው ከፍ ይላል። አጎበሩ ታዝዞ፣ ተመርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከመጋዘን መንደር እስኪደርስ ብዙ ወራት ይፈጃል። መድረስ ያለበት ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሦስት ወር ቢዘገይ ጉዳቱ የሦስት ወር ብቻ አይሆንም። የወባው ወቅት ያመልጣል፣ የድሮው አጎበር ቀዳዳው ይበዛል፣ የተመዘገበው የቤተሰብ ዝርዝርም ያረጅና ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

ወባ ተመልሶ የሚመጣ በሽታ ነው። በስሪላንካ በ1963 በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ሕመምተኛ 17 ብቻ ነበር። አለቀ ተብሎ ርጭቱ ቆመ፣ ገንዘቡም ቀነሰ። በ1969 ከ500 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። አገሪቱ ከወባ ነጻ መሆኗ የተረጋገጠው በ2016፣ ከ17ቱ ሕመምተኞች 53 ዓመት በኋላ ነው። ላለፉት አሥር ዓመታት ስላልተወረርን ጦሩን እንበትን የሚል መንግሥት የለም። በበሽታ ላይ ግን ይህ አስተሳሰብ በየአገሩ እንደ ቁጠባ ይታያል።

በ2023 ዓለም ለወባ ያወጣው 4 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ያስፈልግ የነበረው 8.3 ቢሊዮን ነው። በዚያ ዓመት በወባ 597 ሺህ ሰው ሞቷል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ ያሉ፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። የ2024 የዓለም የጦር ወጪ ለአንድ ቀን ሲሰላ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል፤ የወባው ጉድለት እንግዲህ የ14 ሰዓት ወጪ ነው። የቀድሞው የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት የመሩት ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1980 ባቀረበው ሪፖርት የግማሽ ቀን የጦር ወጪ የዓለም ጤና ድርጅትን የወባ ማጥፋት ፕሮግራም ይሸፍናል ብሎ ነበር። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ስሌቱ ከግማሽ ቀን እምብዛም ፈቅ አላለም።

ቲቢ ላይ መቋረጥ ከዚህም ይከፋል። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒቶች፣ አራት ወር በሁለት። ሕመምተኛው በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ስለሚሻለው የዳነ ይመስለዋል፣ ባክቴሪያው ግን ገና አልጠፋም። በዚህ መሐል መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ከጠፋ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን መቋቋም ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መድኃኒት ብዙ እጥፍ ውድ፣ ክትትሉም ከባድ ነው። መድኃኒት የተላመደውን ቲቢም ሕመምተኛው ለጎረቤቱ ያስተላልፈዋል። በግማሽ ዓመት የተቆጠበችው ገንዘብ በሚቀጥሉት ዓመታት ከነወለዷ ትከፈላለች።

ክትባት ላይ የሚታየው ብልሽት ደግሞ ከውጭ ሲያዩት አይገመትም። የኩፍኝ ክትባት በብዙ አገር የሚመጣው አሥር ሕፃን በሚበቃ ብልቃጥ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። አንዲት እናት ብቻዋን ልጇን ይዛ ስትመጣ የጤና ሠራተኛዋ ብልቃጡን ለመክፈት ታመነታለች። ከፈተች፣ ዘጠኝ ክትባት ይባክናል፤ ካልከፈተች፣ እናቲቱ ላትመለስ ትችላለች። መፍትሔው ራቅ ወዳሉ መንደሮች ወጥቶ ሕፃናትን አሰባስቦ መከተብ ነው፤ ይህ ደግሞ የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ የበረዶ መያዣና የሠራተኛ አበል ይፈልጋል። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄዱት እነዚህ ናቸው፤ ትንንሽ ስለሚመስሉ፣ ለፎቶግራፍም ስለማይመቹ። ክትባቱ ተገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ዘመኑ ያልፍበታል። ኩፍኝን ለማገድ ከ100 ሕፃናት 95ቱ ሁለቱንም ዙር መውሰድ አለባቸው፤ ሽፋኑ ከዚህ ትንሽ ሲወርድ ወረርሽኝ መነሣት ይጀምራል።

በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃንም እንዲሁ ነው። የክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በየቀኑ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ይሰጠዋል። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ለአንድ ሕፃን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት 150 ከረጢት የያዘ አንድ ካርቶን ገደማ ይበቃዋል። በሦስተኛው ሳምንት አቅርቦቱ ቢቋረጥ የተሰጠው ግማሽ ካርቶን ግማሽ ልጅ አያድንም። ልጁ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ወጪውም ሁሉ ባዶ ይቀራል።

ለመከላከያ ወጪ መጨመር የሚቀርቡትን ክርክሮች በንቀት ማለፍ ተገቢ አይደለም። የተወረረ አገር ምርጫ የለውም፤ ዩክሬን በ2024 ከአገር ውስጥ ምርቷ 34 በመቶውን ለጦር አውላለች። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ማውጣት ብዙ መሣሪያ ማግኘት አይደለም። የኔቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት አድሚራል ሮብ ባወር በ2023 እንደተናገሩት የአንድ 155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ዋጋ ከ2,000 ዩሮ ወደ 8,000 ዩሮ ዘሏል። ፋብሪካው ጥቂት፣ ገዢው ብዙ ሲሆን አዲሱ በጀት የሚያሳድገው የጥይቱን ብዛት ሳይሆን ዋጋውን ነው። አቅሙን ሳያይ በመቶኛ የሚወሰን ግብ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል።

ሥራ ይፈጥራል ለሚለውም መልስ አለ። የብራውን ዩኒቨርሲቲው የጥናት ቡድን ያወጣው ስሌት እንደሚያሳየው በአሜሪካ 1 ሚሊዮን ዶላር በጦር ዘርፍ 6.9 ሥራ ሲፈጥር በጤና 14.3፣ በትምህርት ደግሞ 15.2 ሥራ ይፈጥራል።

እርዳታ ይባክናል የሚሉም አሉ፤ እውነት አለው። ለጋሹ «ከእኔ ኩባንያ ግዙ» ብሎ ሲያስገድድ የዕቃው ዋጋ ከ15 እስከ 30 በመቶ እንደሚወደድ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህ መታረም አለበት። ግን መለኪያው አንድ ይሁን። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2018 ሙሉ ኦዲት ከተጀመረበት ወዲህ እስከ 2024 ድረስ ሰባት ጊዜ ተመርምሮ አንድም ጊዜ ንጹሕ አስተያየት አላገኘም። በዚህ ምክንያት በጀቱ ይቁም ያለ የለም።

በጣም የሚያሳዝነው ሁለቱ መደቦች እንደ ጠላት መታየታቸው ነው። ዓለም ባንክ በ2025 እንዳስታወቀው በግጭትና አለመረጋጋት ውስጥ ባሉ አገሮች በከፋ ድህነት የሚኖረው 421 ሚሊዮን ሰው ነው፤ ከዓለም የከፋ ድሃ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ግጭቱን አስቀድሞ ለማብረድና የተኩስ አቁምን ለመጠበቅ የቆመው የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር በጀት ለ2024-25 5.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዓለም የጦር ወጪ 0.2 በመቶ ገደማ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ቅጠሉን ግን ማንም በጀት ውስጥ አላሰፈረውም።

የሚሻለው መንገድ አዲስ አይደለም። በ2006 ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፍ የክትባት የፋይናንስ ተቋም ለጋሾችን እስከ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ፣ በሕግ የሚያስገድድ የክፍያ ግዴታ ያስፈርማል። በዚህ ፊርማ ተማምኖ በካፒታል ገበያ ቦንድ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ዛሬ ክትባት ይገዛል፤ ለጋሹ ቀስ እያለ ይከፍላል። የመሣሪያ ግዢ የሚታሰርበት ገመድ ለክትባትም እንደሚሠራ ማስረጃው ይህ ነው። ወለድ መክፈል አለበት፣ ስለዚህ ለሁሉም ነገር አይመችም፤ ለአጎበር፣ ለቲቢ መድኃኒት፣ ለአልሚ ምግብ ግን የአምስት ዓመት ተራ የአቅርቦት ውል ይበቃል። ውሉ ከተቋረጠ ለአምራቹ ካሳ ይከፈል። ያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትሩ መቁረጫውን ከማንሣቱ በፊት ሒሳብ ይሠራል።

በጀት የሚያጸድቁ ሰዎችም ቢያንስ ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላሉ። የጦር መሣሪያ ግዢ ሲቀርብላቸው የዕድሜ ልኩ ወጪ፣ ጥገናውና ጡረታው ሳይቀር፣ በዚያው ገጽ ላይ ይቅረብ። ለጦር የሚጸድቅ ተጨማሪ በጀት ከየትኛው መደብ እንደሚነሣ በስም ይጻፍ፤ «ከሌሎች ወጪዎች በመቆጠብ» የሚል ሐረግ ተቀባይነት አይኑረው፤ በልምድ እንደታየው «ሌሎች» የሚባሉት ጠበቃ የሌላቸው ናቸው። የእርዳታ ገንዘብ አለቃቀቅም የበጀት ዓመቱን ሩብ ብቻ ሳይሆን የዝናቡንና የአዝመራውን ወቅት ይከተል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ብሪታንያ በ2015 እንዳወጣችው ያለ ሕግ የሚያረቅቁ አገሮች ግቡ ሲጓደል የጎደለው መጠን ለቀጣዩ ዓመት ዕዳ ሆኖ እንዲዞር የሚያስገድድ አንቀጽ ያስገቡበት።

ለዝግጅት ክፍሉ የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። የማንኛውም አገር የጦር በጀት በዜና ሲወጣ ከዓመቱ ቁጥር ጎን የውሉ ዘመን ስንት እንደሆነና በዚያው ሳምንት የተቀነሰው መደብ የትኛው እንደሆነ ይታተም፤ ሁለቱም በአብዛኛው በዚያው የበጀት ሰነድ ውስጥ፣ በኋለኞቹ ሠንጠረዦች ላይ ይገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመንግሥት በጀትና በልማት ፋይናንስ ሙያ የተሰማሩ አንባቢዎች